«በግራ እጄ ልፈርም ወይ?»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከቃሊቲ ነው። ጽሕፈቱ ተንጋዶብኝ ምነው ስል ቆይቼ፣ መሀል ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ልጁ የጻፈው በግራ እጁ ነው።

ዕድሜው 24 ነው። የማታ ፈረቃ ገብቶ ሲሠራ ቆርቆሮ የሚያጥፍ ማሽን ሁለት የቀኝ እጁን ጣቶች ጨፈለቀው። «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግማሽ ከፈለው። አራተኛው ወር ሲገባ አንድ ወረቀት ሰጡት፤ «እስክድን ድረስ በራሴ ጥያቄ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጠኝ» የሚል። እስከ ሰኞ ፈርመህ አምጣ ተባለ። ሥራውን ያስገባው አጎቱ ደግሞ «ሦስት ወር የከፈሉህን ሰዎች አታስቀይም፣ እኔንም አታሳፍረኝ» ይለዋል። የሁለት ወር ኪራይ አለበት። ማኪያቶ መጋበዝ ስላቃተው የፍቅረኛውን ስልክ ማንሳት ትቷል።

ወንድሜ፣ አትፈርም!

እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ብዕር የጨበጥኩ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአማርኛም ተጽፏልና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንተን የከፈሉህ በሕመም ፈቃድ ሂሳብ ነው። ታይፎይድ ይዞት ለተኛ ሰው የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። አንተን ግን ታይፎይድ አልያዘህም፤ ማሽን ነው የያዘህ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕጉ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወር ከግማሽ ያላነሰ። የሕክምናውም ወጪ የአሠሪው ነው።

ደሞዝህ 6,000 ብር ነው ብለሃል። እንግዲህ እንደምር። በስድስት ወር በሕመም ፈቃዱ የምታገኘው 12,000 ብር፣ በጉዳቱ ደግሞ 31,500 ብር ነው። አጎትህ «ከፈሉህ» የሚሉት እንግዲህ ይኼንን ነው።

ስለ እንቅልፉም አትጨነቅ። ሆን ብለህ ራስህን ካልጎዳህ፣ ሰክረህ ካልገባህ፣ በግልጽ የተሰጠህን የደኅንነት መመሪያ ካልጣስህ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

«በራሴ ጥያቄ» የምትለዋ ቃል ናት ወጥመዷ። ያለ ክፍያ ፈቃድ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሚሰጥ ነገር ነው። አንተ ጠይቀሃል? አልጠየቅክም። እነሱ ናቸው የጠየቁልህ።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው አጎትህ እንደሆኑ ይገባኛል። በሰው በሰው ሥራ የገባ ሰው ይሉኝታው ከሰንሰለት ይብሳል። እኔም በዘመድ ገብቼ የሠራሁበት ቤት ነበረ፤ ደሞዜ ሲዘገይ «መቼ ነው?» ለማለት እንኳ አፌ ተሳስሮ ነበር። አጎትህን በአክብሮት አስቀምጠህ ሂሳቡን አሳያቸው። ልመና እንዳልሆነ፣ ሰዎቹንም እንዳልሰደብክ ይዩት።

ከሰኞ በፊት ሐኪም ቤት ሂድና ወረቀትህ ላይ «እረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ እንዲሰፍር ጠይቅ። ከዚያ ጥያቄህን በጽሑፍ አስገባ፤ ኮፒው ላይ ማኅተም ይመታልህ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ንገር። እምቢ ካሉ የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከዚያም የፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት፣ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። አትዘግይ ብቻ፤ የደሞዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል። ጣቶችህ እንደ ድሮው ካልተመለሱ ደግሞ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን ይወስናል፤ የካሳው ነገር ያኔ ይመጣል።

ያኮርፉሃል? ሊያኮርፉህ ይችላሉ። ምንም አይሉህም ብዬ አልዋሽህም።

ልጅቷን ግን ዛሬውኑ ደውልላት። ማኪያቶው ቢቀር ሻይ አለ።