«ለምዶባታል» አትበሉኝ!

«ሰውነቷ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ከእንግዲህ አይሠራላትም» አሉኝ ስለ እህቴ። አልቀበልም!

እህቴ የምትኖረው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ሰማያዊውን ፓፍ፣ ሳልቡታሞልን፣ ለዓመታት ነፋች። ሌሊት ሌሊት ማፈኑ ግን አልቀረም። እንዴት ይቅር? ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ያላላል እንጂ የቧንቧውን ማበጥና መቆጣት አያክምም። ያንን የሚያበርደው ሌላኛው፣ በየቀኑ የሚወሰደው ፓፍ ነው፤ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ። «ጂና» የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ሳልቡታሞል ብቻውን አይሰጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እህቴን ግን ከዚያም በኋላ ሰማያዊውን ብቻ አስጨብጠው ሸኟት።

አነፋፏንም ያየላት የለም። ቶሎ ረጭታ አፏን ትዘጋለች፤ መድኃኒቱ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ ቂጡን ቀድዶ ፓፉን አጥብቆ መሰካት ይቻል ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ለልጆች ከሚሸጠው እኩል እንደሚሠራ አሳይተዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ማርቆስ ሞልቷል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ጭሱ ነው። ደጋው ይበርዳል፣ በር ይዘጋል፣ ማድ ቤቱ መስኮት የለው። ኩበትና እርጥብ ባሕር ዛፍ እያነደደች እንጀራ ትጋግራለች። ጠዋት ፓፍ፣ ከሰዓት ጭስ! «ከጭስ ራቂ» ይሏታል። ማን ይጋግርላት? እኛ ወንድሞቿ እንደሆን ትኩስ ትኩሱን እየበላን «አይዞሽ» ነው የምንላት። እኔም አለሁበት።

ባዮሎጂ አስተምሬያችሁ ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ልጆቼ፣ በሽተኛዋ «አልተሻለኝም» ስትላችሁ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት «እስኪ ነፍተሽ አሳዪኝ» በሏት። ቀጥላችሁም እንጀራ የት እንደምትጋግር ጠይቁልኝ።