የጎማ መጠንና የፍጥነት መለኪያ ታማኝነት በላስታ መንገዶች

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁለቱን የሚወርድ አሽከርካሪ ፍጥነቱን የሚያውቀው ከፊቱ ካለው መለኪያ ነው። መለኪያው ግን የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፤ ዙሩን ወደ ርቀት የሚለውጠውም ፋብሪካው በወሰነው የጎማ መጠን ነው።

ለላስታ ድንጋያማ መንገዶች ትልቅ ጎማ መግጠም በቂ ምክንያት አለው። 265/70 አር 16 ጎማ በ285/75 አር 16 ቢተካ ዲያሜትሩ ከ777 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ መኪናውም ከመሬት በ28 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ጉዳቱ ግን ስውር ነው። ቀድሞ ትክክለኛ የነበረው መለኪያ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 54 ገደማ ይሆናል፤ ፍሬኑ ሊገታው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በ15 በመቶ ይጨምራል።

መለኪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ጥቂት አብዝተው ያሳያሉና ችግሩ ቀላል ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ትርፉም የተተወው ለዚሁ ጥንቃቄ እንጂ ለጎማ ቅያሪ አይደለም። ስለዚህ በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር አምራቹ ከወሰነው መጠን ጋር ሊመሳከር፣ ልዩነት ሲገኝም መለኪያው እንደገና ሊስተካከል ይገባል።