የአያት ስም የሌለን ልጆች

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛ የአብዮት በዓሉን ሲደግስ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ኮረም ሜዳ ላይ ተኝቼ ነበር። ዓለም ጉዳችንን ያየው ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ቴሌቪዥን ነው። አባትና እናቴ ግን ካሜራው እስኪመጣ አልቆዩም። ታላቅ እህቴን ደግሞ “ለሰፈራ” ብለው በመኪና ጫኗት። ወዴት? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በዚያ ዘመቻ ወደ 600 ሺህ ሕዝብ ከሰሜን ሲጋዝ፣ የማን ልጅ ከማን እንደተለየ ማን ጠየቀ?

ከኮረም ማሳደጊያ፣ ከማሳደጊያ አቃቂ። ብየዳ ተምሬ ቃሊቲ ጋራዥ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። “ታዲያ ምን ጎደለህ?” ትሉኝ ይሆናል። መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው “የአያት ስም?” አለኝ። አላውቀውም! “ያለዚያ ፎርሙ አይሞላም” ብሎ ድርቅ አለ። መጠለያው ውስጥ ውሃ ያጠጡኝ የነበሩትን ሽማግሌ ስም ሰጠሁት። ዛሬ በወረቀት አያቴ እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን የማወራው እንድታለቅሱልኝ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ድሬዳዋን ሲጠርግ ወላጅ ያጡ ልጆች ነበሩ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ ተራራ ተንዶ፣ ሊያድን የሮጠውም ሰው በሁለተኛው ናዳ ተቀብሮ ከ200 በላይ ወገን ሲያልቅም የቀሩ ልጆች አሉ። መንግሥታችን የሐዘን ቀን ማወጅ ያውቅበታል። ለመሆኑ የተረፈውን ሕፃን የዘር ሐረግ የመዘገበው ማነው?

ስንዴው ከሞት አድኖኛል፤ አልክድም። ሰው ያደረጉኝ ግን በስሜ የጠራችኝ ሞግዚት፣ ትምህርት ቤቱና የእጄ ሙያ ናቸው። ካሜራ የለያት ብርሃን ወልዱ በ1997 ዓ.ም. ለንደን መድረክ ላይ ቆማ ዓለም አጨብጭቦላታል። ይገባታል! ካሜራ ያላየንስ?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አደጋ በደረሰ በሳምንቱ የልጁ፣ የአባቱ፣ የእናቱ፣ የአያቱ ስምና መንደሩ ይጻፍ። ፎቶ ይነሳ። ዘመዱ ሳይፈለግ ማሳደጊያ አይላክ። መዝገቡም የሹም መሳቢያ ውስጥ አይበስብስ። ደብተርና እስክሪብቶ ነው እኮ! ለዚህም በጀት የለም ልትሉን ነው?

እህት ዓለም፣ በሕይወት ካለሽና ይህ ጋዜጣ እጅሽ ከገባ... አቃቂ ነኝ። የአያታችንን ስም ንገሪኝ።