የጨዋታ ሱቁ ይዘጋ ወይስ ሥርዓት ይያዝ?



እንደሚታወቀው ሁሉ ከማኅበራችን ቤት በመንገድ በኩል ያለችውን አንዲት ክፍል ሁለት የሠፈራችን ልጆች ተከራይተው የጨዋታ ሱቅ ከፍተውባታል። ጆተኒ፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ዳማ፣ ሰንጠረዥና ገበጣ አላቸው። ያጫውታሉ፣ ዕቃም ይሸጣሉ፣ በቴሌግራምም ትእዛዝ ይቀበላሉ። አሁን የኪራይ ውሉ ሊያልቅ ስለሆነ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ «ልጆቻችንን እያባከነ ነውና ይዘጋ» የሚል ነው። ሁለተኛው «የውርርድ ቤት ሊከፍት የፈለገ ሰው የበለጠ ኪራይ እከፍላለሁ ብሏልና ለእሱ ይሰጥ» የሚል ነው። እኛ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሁለቱንም አንደግፍም። ምክንያታችንን ከስብሰባው በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ፣ የእናቶች አቤቱታ እውነት መሆኑን እንመሰክራለን። ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ እዚያው ቆሞ ሲያይ ይመሻል። ከትምህርት ሰዓት ሾልኮ የሚገባም አለ። ይህ መቅረት አለበት። ነገር ግን በሩን ብንዘጋው ልጁ መጫወት ይተዋል ወይ? አይተውም። ወይ ሌላ ሠፈር ይሄዳል፣ ወይ ጥግ ይዞ ስልክ ላይ ያፈጣል። እዚህ ግን ማንም አላፊ አግዳሚ አንገቱን አስግጎ «አንተ! እናትህ እየፈለገችህ ነው» ሊለው ይችላል። እኛ በምናየው ቦታ መጫወቱ ይሻላል እንላለን።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «ጨዋታ የባዕድ አመል ነው» ስንል እንሰማለን። ኧረ ምኑ ነው ባዕድ! ከብት ጠባቂው መሬት ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ሲጫወት የኖረበት አገር እኮ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአገራችንና በአካባቢው አገሮች የሚገኙ ከመቶ የበለጡ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ሰንጠረዥም ቢሆን ከቤተ መንግሥት ጀምሮ የነበረ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ የራሱ ደንብ ነበረው። «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያው ላይ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚያዘው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። ይህን ዛሬ የሚያውቀው ስንት ልጅ ነው? የሚያስተምርበት ጠረጴዛ ካላገኘ እንዴት ይወቀው?

ውርርድ ግን ሌላ ነው። በገበጣ የተሸነፈ ጠጠሩን ያጣል፣ በሚቀጥለው ዙር መልሶ ያገኘዋል። በውርርድ የተሸነፈ የወር ደመወዙን፣ አለዚያም የአባቱን የእህል ገንዘብ ያጣል። የገንዘቡም ትርፍ ከሠፈራችን ወጥቶ ይሄዳል። ለማኅበሩ የሚጨመረው ኪራይ ከየቤታችን በሌላ በኩል የሚወጣ ገንዘብ ከሆነ፣ ምን ተጠቀምን?

የሱቁን ኑሮ በቅርብ ያየ ሰው ልጆቹ በቀላሉ ገንዘብ እንደማያገኙ ይረዳል። ጆተኒው በጨዋታ፣ ፕሌይስቴሽኑ በግጥሚያ ይከፈልበታል። መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽኑ ገቢ የለውም፤ የቤት ኪራይ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቀርም። ጆይስቲክ በልጆች እጅ ቶሎ ይበላሻል። ምትኩ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በአዲስ አበባ በኩል ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ ሱቅ ምን ያህል እንደሚንገዳገድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስለሆነም ልጆቹ ወደ አገር ሥራ መዞራቸው ያስመሰግናቸዋል። ገበጣውን ከዋንዛ እንጨት እዚሁ ከተማችን ያለ አናጢ ይጠርብላቸዋል። የዳማና የሰንጠረዥ ሰሌዳም ያሠራሉ። ታኅሣሥ ሲገባ የገና ዱላና ሩር ይይዛሉ። ይህ ዶላር አይጠይቅም፤ አናጢውም እንጀራ ያገኝበታል። የፕሌይስቴሽኑ ገቢ የቀኑን ወጪ ሲሸፍን፣ የእንጨቱ ሥራ ደግሞ ስም ያወጣል።

የቴሌግራሙን ንግድ በተመለከተ «ሱቁን ትተው በስልክ ብቻ ይሽጡ፣ ክፍሏም ትለቀቅ» ያሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ መልካም ይመስላል። ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያዛል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል፣ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ዓይነቱን ሥራ ማቅለሉን አንክድም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ማን ይረሳል? በስልክ ብቻ ይነግድ የነበረ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። መንገድ ሲዘጋም እንደዚሁ ነው። በር ያለው ሱቅ ግን ጎረቤቱ አይጠፋበትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለንግድም ይሠራል።

በሠለጠኑት አገሮችም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡ ትልልቅ ድርጅቶች ዋጋ ሲሰብሩ፣ ትንንሾቹ የጨዋታ ሱቆች በዋጋ ሊወዳደሯቸው አይችሉም። ብዙዎቹ በሱቃቸው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ውድድር እያዘጋጁ፣ ጀማሪውን እያስተማሩ ነው ደንበኛ የሚይዙት። ሰው ዕቃውን ከየትም ሊገዛ ይችላል፤ አብሮት የሚጫወት ሰው ግን በፖስታ አይላክለትም። የእኛም ልጆች ገበያ የሚገኘው በጠረጴዛው ዙሪያ ነው። ገበጣ ያልተማረ ልጅ ገበጣ አይገዛም።

ከዚህ በላይ በተገለጸው ምክንያት ጽሕፈት ቤቱ ውሉ እንዲታደስ፣ የሚከተሉትም ግዴታዎች በውሉ ውስጥ እንዲገቡ ሐሳብ ያቀርባል።

1ኛ. ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እንዳይገባ፣ ማታም ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጅ እንዳይቆይ።

2ኛ. በገንዘብ መወራረድ ፈጽሞ የተከለከለ እንዲሆን። በጆተኒም ቢሆን «የተሸነፈ ይክፈል» እየተባለ የሚደረገው እንዲቀር፤ ሁለቱም ወገን ድርሻውን ይክፈል።

3ኛ. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበጣና ሰንጠረዥ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ፣ የሚያውቁ አባቶችም መጥተው እንዲያስተምሩ።

4ኛ. በቴሌግራም የሚሸጠው ዕቃ ዋጋና መጠን በግልጽ እንዲጻፍ። ልጆቹም ገንዘቡ በራሳቸው ሒሳብ መግባቱን ሳያረጋግጡ የደረሰኝ ፎቶ ብቻ አይተው ዕቃ እንዳይልኩ። የተጭበረበረ ሱቅ ኪራይ መክፈል ያቅተዋል፤ ጉዳቱ ለማኅበሩም ነው።

5ኛ. ይህን ያላከበሩ እንደሆነ ማኅበሩ በ1 ወር ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያፈርስ።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ልጅን «እዚያ እንዳትደርስ» ብሎ መቆጣት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ጎራ ብሎ ከልጅ ጋር አንድ ዙር ገበጣ መጫወት ምን ይከብዳል? አባት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ውርርድ አይነሣም፤ ስድብም አይሰማም።

ኪራዩ ያነሰ ነው ለሚሉ አባሎች መልሳችን ይህ ነው። ማኅበራችን ቤት የሠራው ለትርፍ ብቻ አይደለም፤ ለሠፈሩ ሰው እንዲጠቅም ነው። ሁለት ወጣት ሥራ ይዞ፣ አናጢ ገቢ አግኝቶ፣ ልጆች ዓይናችን ሥር ሆነው የሚጫወቱበት ክፍል ከስሮብናል ማለት አንችልም። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ «ሌላው ይወስንልኛል» ሳትሉ በስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ፣ የሚቃወም ካለም ተቃውሞውን በግልጽ እንዲያቀርብ በአክብሮት እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ