በገበያ ሚዛን የተፈረደበት ሸክላ

የአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ዋጋ በሽያጩ ብዛት ይለካል የሚል ሀያሲ ሙያውን ለነጋዴ መዝገብ አስረክቧል። ይህ አነጋገር የበዛ የሚመስለው ቢኖር፣ ኪንክስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1969 ያወጣው አልበም የደረሰበትን ይመልከት። ስሙ «አርተር ወይም የብሪታንያ ግዛተ ዐፄ መዳከምና መውደቅ» ይባላል። በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከቶ አልገባም፤ በአሜሪካ ከ105ኛ ደረጃ አላለፈም። በዚያው ዓመት የወጡት የቢትልሶች «አቢ ሮድ» እና የዘ ሁ «ቶሚ» ዛሬም ሲወደሱ «አርተር» ከጥላቸው ሥር ቀርቷል። ይህ ፍርድ ሊሻር ይገባል።

ሥራው የታሰበው ለቴሌቪዥን ነበር። የባንዱ መሪና የዘፈኖቹ ደራሲ ሬይ ዴቪስ ከልብ ወለድ ጸሐፊው ጁልያን ሚቸል ጋር ሆኖ ለግራናዳ ቴሌቪዥን አዘጋጀው። ድራማው ግን ሳይቀረጽ ተሰረዘ፤ ዘፈኖቹ ብቻቸውን ቀሩ። መነሻውም ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የዴቪስ ታላቅ እኅት ከባሏ ከአርተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አውስትራሊያ ሄዳ ነበር።

ባለ ታሪኩ አርተር ሞርጋን ምንጣፍ አንጣፊ ነው። አለቃ ሲያዝዘው እሺ እያለ፣ መንግሥት ሲጠራው እየዘመተ ኖረ። ግዛተ ዐፄው የዓለምን ሩብ ያህል በያዘበት ዘመን ከምርኮው የደረሰው ነገር የለም፤ ሲፈርስ ግን ሐዘኑ የእርሱ ሆነ። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። አንዱ ዘፈን በጦር ሜዳ የወደቀውን ወጣት በእናቱ ዐይን ያያል፤ ሌላው የቸርችልን የጦርነት ዲስኩር ከአየር ወረራ ማስጠንቀቂያ ጩኸት ጋር ያሰማል። «አውስትራሊያ» ደግሞ የስደት ማስታወቂያ ነው፤ ከ1945 ጀምሮ አንድ እንግሊዛዊ ጎልማሳ 10 ፓውንድ ከፍሎ ወደዚያ የሚሻገርበትን ዘመን የተስፋ ቃል እየደገመ ይሣለቅበታል።

ተቃዋሚዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ። አንደኛ፣ ድራማው ስለሌለ ሥራው ጎደሎ ነው ይላሉ። ታሪኩ ግን ያለ ሥዕል ይገባል፤ የሰው ኑሮ ከነምክንያቱ በ12 ዘፈኖች ውስጥ ሰፍሯል። ሁለተኛ፣ «ቪክቶሪያ» የተባለው መክፈቻ ያለፈውን ዘመን ያወድሳል ይላሉ። የሚያወድሰው ገጸ ባሕርዩ እንጂ ደራሲው አይደለም። ድሃው ያላየውን ግርማ የራሱ አድርጎ ሲያስብ፣ አድማጩ ከደስታው በስተጀርባ መታለሉን ይሰማል። ይህን ሳይለዩ መፍረድ ተውኔት ውስጥ የገባውን ሌባ አይቶ ደራሲውን እንደ መክሰስ ነው።

ሦስተኛው ክስ ይከብዳል፤ «ሻንግሪ ላ» የተባለው ዘፈን በሠራተኛው ጎጆ ላይ ያፌዛል ይባላል። አርተር የዕድሜ ልክ ምኞቱን በአንዲት የከተማ ዳር ቤት አሳርፏል፤ ዕዳዋ ግን አስሮታል። ቃሉን ብቻ ያነበበ ፌዝ ሊያይ ይችላል። ሙዚቃውን ያደመጠ ግን ሌላ ያገኛል፤ ለስለስ ባለ ጊታር ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ነሐስ መሣሪያዎች ይገባሉ፣ በመጨረሻም ይቆጣል። ቁጣው በሰውዬው ላይ ሳይሆን በትንሽ ምቾት አፉን በዘጋው ሥርዓት ላይ ነው።

እንከን የለውም አንልም። «አውስትራሊያ» ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ የሚከተለው የመሣሪያ ጨዋታ አሳቡን አይጨምርም። ከዚህ በቀር የቅርጽና የይዘት ስምምነቱ ጽኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያ ቤተ መንግሥት ለዴቪስ የሰር ማዕርግ ሰጠው። ስለ ግዛተ ዐፄ ውድቀት የዘፈነ ሰው በቤተ መንግሥት ተሾመ፤ ዘፈኑ ግን የሚገባውን ያህል አልተደመጠም። ማዕርግ ሂስን አይተካም። ስለዚህ ሙዚቃ የምታስተምሩም የምትጽፉም፣ የሰንጠረዡን ቁጥር ለነጋዴው ተዉለት፤ ሸክላውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጡና በጆሯችሁ ፍረዱ።