‹‹ቸር››ን መልሱልን!

አንድ የአማርኛ ቃል በጠራራ ፀሐይ እየተሰረቀብን ነው፤ ‹‹ቸር›› የሚባለው። ሌባው ደግሞ ባነር ነው። ‹‹ቸሩ ባለሀብት››፣ ‹‹ቸሯ እህታችን›› ይላል። ከፊት አንድ ኩንታል ዱቄት፣ ከጎን ካሜራ። ተቀባዩ አንገቱን ደፍቶ ፎቶው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

እስቲ ቃሉን ወደ ቤቱ እንመልሰው። ሊቃውንቱ ‹‹ቸር›› ብለው የሚፈቱት የግእዙን ‹‹ኄር›› ነው፤ የዐረብኛው ‹‹ኸይር›› የሥጋ ዘመዱ ነው። መልካም፣ በጎ ማለት ነው እንጂ ስለ ኪስ አያወራም። የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ‹‹ገብር ኄር›› ይባላል። የምሳሌው አገልጋይ ለማን መጸወተ? ለማንም! ‹‹ኄር›› የተባለው በአደራ የተቀበለውን የጌታውን ገንዘብ አትርፎ ስላስረከበ ነው። እንግዲህ ኄርነት ከመስጠት በፊት መታመን ነበር።

እኛስ ‹‹ቸር ያሰማን››፣ ‹‹ቸር እንሰንብት›› ስንባባል ‹‹ብር ስጠን›› ማለታችን ነው እንዴ?

‹‹ቃል ይለወጣል፤ አንተን ምን ያንጨረጭርሃል?›› ይለኛል አንድ ወዳጄ። ይለወጥ! መስጠትም የቃሉ አንድ ፊት መሆኑን አልካድኩም። የእኔ ጠብ አንዱ ፊት ሌላውን ሲውጠው ነው። ቸር ማለት ሰጪ ብቻ ከሆነ ድሃ ቸር ሊሆን አይችልም ማለት ነዋ! ቸርነትን ለባለገንዘብ አከራየነው ማለት ነው።

ካላመናችሁ ጫግኒን ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም ግድያ ሸሽተው ከመተከል የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ‹‹ራንች›› በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። ጫግኒ ድሮ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ የመጡባት ሰዎች ባዕድ አልነበሩም። የከተማዋ ሰው ራሱ ሳይተርፈው ከጓዳው አካፈለ። ከሌማቷ ላይ ግማሽ እንጀራ ያነሳችው እናት ባነሯ የት አለ? የላትም። እሷ የሰጠችው ትርፏን አይደለም፤ ጎረቤትነቷን ጠብቃ ነው። የጥንቱ ‹‹ኄር›› ቢጠየቅ ወደ እሷ ነው የሚያመለክተው።

ባለሀብቱ አይስጥ አላልኩም። ይስጥ፣ እጁም ይባረክ! ካሜራው ግን የተፈናቀለ ሰው ፊት ላይ አይደገን። ባነር ጸሐፊዎችም ‹‹ለጋስ›› የሚል ደህና ቃል አለላችሁ፤ እሱን ውሰዱ። ‹‹ቸር››ን ግን ለባለቤቶቹ መልሱ።

ቸር ይግጠመን!