«ቀላል ኑሮ» ለማን ይቀልላል?

ከከተማ ጫጫታ፣ ከቤት ኪራይና ከታክሲ ሰልፍ ተላቅቆ፣ በአንዲት ቍራሽ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ የዘሩትን እየበሉና የምንጭ ውሃ እየጠጡ መኖር የብዙ ወጣቶች ምኞት ሆኗል። በተማሪዎች ማደሪያም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ይህ ነገር ሲነሣ እንሰማለን። ምኞቱን አንነቅፍም፤ በገዛ ላብ የተገኘ እንጀራ የሚጣፍጥ መሆኑን የሚክድ የለምና። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል። ይኸውም «ኑሮው የሚቀልለው ለማን ነው?» የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር ምኞቱን በሥራ የሞከሩ የሁለት አሜሪካውያን ቤተ ሰቦችን ታሪክ እንመልከት። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የሚስተር ብሮንሰን አልኮት ቤተ ሰብ ነው። ሚስተር አልኮት በ1799 ከገበሬ ቤት የተወለዱ መምህርና ፈላስፋ ነበሩ። በ1842 ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱ ጊዜ ቻርልስ ሌን ከተባሉ ሰው ጋር ተዋወቁ፤ ሁለቱም የሰው ልጅ ከንግድ፣ ከባርነትና ከሥጋ መብል የጸዳ አዲስ ኑሮ ሊመሠርት ይችላል ብለው አመኑ። በሚቀጥለው ዓመት ሚስተር ሌን በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሐርቫርድ በምትባል መንደር አጠገብ 90 ኤከር ያህል መሬት በ1,800 ዶላር ገዙ። ቦታውንም «ፍሩትላንድስ» ማለት «የፍሬ ምድር» አሉት፤ በዚያ የነበሩት የፍሬ ዛፎች ግን ጥቂት ያረጁ ፖሞች ብቻ ነበሩ።

የቤቱ ደንብ እጅግ ጥብቅ ነበር። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቍላልና ቅቤ ክልክል ነው፤ ሻይና ቡና አይቀመስም፤ መጠጡ ውሃ ብቻ ነው። ማሩ የንብ ንብረት ነውና አይነካም። የሱፍ ልብስ የበጉ ነውና አይለበስም፤ ጥጥ ደግሞ በባሪያ ጉልበት የተመረተ ነውና አይፈለግም፤ ስለዚህ ሁሉም የተልባ እግር ልብስ ይለብሳሉ። በሬ መጥመድና መሬቱን በከብት ፍግ ማዳበርም እንደ በደል ይቈጠር ነበር። ከእኛ ሁዳዴ የጠነከረ ጾም ዓመቱን ሙሉ ታወጀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ትክክለኛ ይሁን። አገራቸው ገና ሰውን እንደ ዕቃ በሚሸጥበት ዘመን በባሪያ እጅ የተለቀመ ጥጥ አንለብስም ማለት የሚያስከብር አቋም ነው። የሰዎቹ ስሕተት በሐሳባቸው ቅንነት ላይ አልነበረም። ስሕተቱ የመጣው ሐሳቡ ወደ ማሳና ወደ ማጀት በገባ ጊዜ ነው።

ወደ እርሻው የገቡት በጁን 1843 ስለነበረ የዘሩ ወቅት አልፎ ነበር ማለት ይቻላል። በአካፋ እየቈፈሩ ጀመሩ፤ ሥራው ባልገፋ ጊዜ ግን ከማኅበሩ አባሎች አንዱ ከብትና ማረሻ አመጣና ደንቡ ገና በመጀመሪያው ወራት ላላ። መከር ሲደርስ ደግሞ ሁለቱ መሪዎች ስለ አዲሱ ኑሮ ለመስበክ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ሉዊዛ አልኮት ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1873፣ ባሳተመችው ጽሑፍ እንደተረከችው፣ ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ሳለ ማዕበል መጣ፤ ወንዶቹም አልነበሩም። እናቲቱ ልጆቻቸውን አሰልፈው በቅርጫትና በአንሶላ እየተሸከሙ ያገኙትን ያህል እህል አዳኑ።

እኒህ እናት ወይዘሮ አቢጌል አልኮት ናቸው። አራት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቋ የ12 ዓመት ልጅ ስትሆን ትንሿ ወደዚያ ሲገቡ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ለአጭር ጊዜ አንዲት ሴት ብትረዳቸውም፣ ለቤተ ሰቡና ለማኅበርተኛው ሁሉ ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡና መስፋቱ የወደቀው በእርሳቸው ላይ ነው። ወንዶቹ ስለ ነፍስ ንጽሕና ሲከራከሩ እሳቱን የሚያነድ፣ ሳሕኑን የሚያጥብ ሰው መኖር ነበረበት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከበሬው ጫንቃ የወረደው ቀንበር በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ተጫነ።

ክረምቱ ሲገባ እህሉ አነሰ፤ ብርዱ በረታ። ሚስተር ሌን ባልና ሚስት ተለያይተው በማኅበር የሚኖሩበትን ሥርዓት ይመርጡ ጀመር፤ በመጨረሻም ልጃቸውን ይዘው ሼከር ወደሚባለው የምናኔ ማኅበር ገቡ። ሚስተር አልኮት ተስፋ ቈርጠው ምግብ እምቢ ብለው አልጋ ያዙ። ቤተ ሰቡን ያወጡት ወይዘሮ አልኮት ናቸው፤ በጃንዩዌሪ 1844 ከጎረቤት ክፍል አግኝተው ልጆቻቸውንና ባላቸውን ይዘው ሄዱ። ለሰው ልጅ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል የተባለው ኑሮ ሰባት ወር ያህል ብቻ ቈየ። በኋላ የቤተ ሰቡን ዕዳ የከፈለው «ትንንሽ ሴቶች» የተባለው፣ ከ1868 ጀምሮ የታተመው የሉዊዛ መጽሐፍ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሐሳቡ ራሱ ከንቱ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ መልስ የሚሆነው ሁለተኛው ታሪክ ነው። ስኮት ኒሪንግ የተባሉት የኢኮኖሚ ምሁር የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ በመቃወም የታወቁ ሲሆኑ በ1915 ከዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸው ተሰናበቱ። በ1932፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ላይ ሳለች፣ በኋላ ባለቤታቸው ከሆኑት ከሔለን ጋር በቨርሞንት ግዛት ርካሽ እርሻ ይዘው ተቀመጡ። እነርሱም ሥጋ አይበሉም፤ የእርባታ ከብት አልያዙም፤ መሬታቸውንም ያዳበሩት በበሰበሰ ቅጠላ ቅጠል ነው። በሐሳብ ረገድ ከሚስተር አልኮት ብዙ አይርቁም ማለት ነው።

ልዩነቱ ከአሠራራቸው ላይ ነው። ገና ሲጀምሩ የአሥር ዓመት ዕቅድ ጻፉ። ቤታቸውን ከድንጋይ ሠሩ። ቀናቸውን ከፍለው ለእንጀራ ሥራ አራት ሰዓት፣ ለንባብና ለሙያቸው ደግሞ አራት ሰዓት መደቡ። ጨው የሚገዛውም ግብር የሚከፈለውም በገንዘብ መሆኑን ስላወቁ፣ ሜፕል ከተባለው ዛፍ ፈሳሽ እያፈሉ ሽሮፕና ስኳር ይሸጡ ነበር። ሒሳባቸውን ይመዘግባሉ። ከሁሉም በላይ ድንጋዩን ሁለቱም ይሸከማሉ፤ አትክልቱን ሁለቱም ይኰተኵታሉ። በ1952 ወደ ሜይን ግዛት ተዛውረው በ1954 ስለ ኑሯቸው መጽሐፍ አሳተሙ። ስኮት በ1983 መቶኛ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ በዚያው እርሻ ዐረፉ፤ ሙከራቸውም ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘለቀ።

የሆነ ሆኖ ሚዛኑ እኩል እንዳልነበረ መናገር ይገባል። ኒሪንጎች በዚያ እርሻ የሚያሳድጓቸው አራት ሕፃናት አልነበሯቸውም። ልጅ ያለው ሰው የኑሮ ሒሳብ ሌላ ነው፤ አዋቂ በፈቃዱ ይጾማል፣ ሕፃን ግን ለአባቱ ሐሳብ ብሎ የሚጾምበት ምክንያት የለም። ይህም ቢሆን የምንለውን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሥራው ሲበዛ ክፍፍሉ ይበልጥ መታሰብ ነበረበትና።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመብራት መሥመርና ከውሃ ቧንቧ ውጭ መኖር በአሜሪካ ምርጫ ሲሆን በአገራችን ገጠር ለብዙዎች ያለ ምርጫ የተሰጠ ኑሮ ነው። ጎሕ ሳይቀድ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርድ፣ ጭራሮ ለቅማ፣ ጢስ ውስጥ ተቀምጣ እንጀራ የምትጋግር እናት የወይዘሮ አልኮት ታሪክ ቢነበብላት አዲስ ነገር አይሆንባትም። የእህል ወፍጮ በመንደሯ ሲተከል ከክንዷ ላይ ምን ያህል ድካም እንደወረደ የምታውቀው እርሷ ናት። «ይህ ሁሉ መሣሪያ ለምን? የጥንቱ ኑሮ ይሻል ነበር» የሚል የተማረ ሰው ቢገጥማት፣ መጁን አንሥታ «እንግዲያውስ ፍጭ!» ብትለው ተገቢ መልስ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ መሬት ለመመለስ የሚያስብ ወጣት አስቀድሞ ወረቀትና እርሳስ ያንሣ እንላለን። ውሃውን ማን ይቀዳል? እሳቱን ማን ያነዳል? ሕፃኑ ሌሊት ቢታመም ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? የጨውና የመድኃኒት ገንዘብ ከየት ይመጣል? በየጥያቄው አንጻር የሚጻፈው ስም አንድና ያው ከሆነ፣ ይልቁንም ያ ስም የጸሐፊው ካልሆነ፣ ዕቅዱ ተመልሶ መታየት አለበት። በጣራ ላይ የሚሰቀል ሶላርም ሆነ በደጃፍ የሚቈፈር ጕድጓድ ከቀላል ኑሮ ጋር የሚጣላ አይደለም፤ የአንዱን ጫንቃ የሚያሳርፍ መሣሪያ ሁሉ ኑሮን ያቀልላልና።

ይህ ምክር ጎጆ ለሚቀልስ ብቻ አይደለም። በቢሮ ተቀምጦ ለሌላው መንደር ዕቅድ የሚያወጣ ወጣት ሹምም «ሕዝቡ በራሱ ጉልበት ይሠራዋል» ብሎ ከመጻፉ በፊት የማን ጉልበት እንደሆነ ይጠይቅ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ሲያስረዱ ነው። ሎሚው ያው ሎሚ ነው፤ ሸክም ወይም ጌጥ የሚያደርገው አከፋፈሉ ነው።